ዓይኔን ይዘው የሄዱት ጋሽ ይርዳው

ጥሩነሽ ደውላ «ጋሽ ይርዳው አረፉ» ስትለኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ዓይኔንስ?» የሚል ነው።

እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሰው እንዲህ ያለ መርዶ ሲሰማ ነፍስ ይማር ይላል፣ ደረቱን ይመታል፤ እኔ ዓይኔን ጠየቅሁ። ጥሩነሽ ግን አልገረማትም። ከሱቃችን ደንበኞች ቀዳሚዋ፣ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ቀድማኝ የምትሰማ ወዳጄ ናት፤ የዓይኔን ታሪክ ከእኔ እኩል ታውቀዋለች። «ይዘውብሽ ሄዱ፤ እንግዲህ ምን ይደረግ ተዋቡ» አለችኝ። እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ ሆነን በስልክ አለቀስን። እያለቀስን ሳቃችን መጣ። እኚህን ሰውዬ በወጉ ማልቀስ እንኳ አይቻልም።

ለማያውቅ ሰው ከሥሩ ልንገረው።

ሱቃችን ዳንፎርዝ ከሚባለው ጎዳና ገባ ብሎ፣ ስደተኛው የሚከራያቸው የክሬሰንት ታውን ፎቆች አሻግረው የሚያዩት ጎን መንገድ ላይ ነው። ባለቤቴ አሰፋ ፋብሪካ ሠርቶ፣ እኔ ሆቴል አልጋ አንጥፌ ያጠራቀምነውን አዋጥተን በፈረንጆቹ ዘጠናዎች መጀመሪያ ከፈትነው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ካሴት እንሸጣለን፤ ቪዲዮ እናከራያለን። ሱቅ ይባል እንጂ ቴሌም ነበር። አዲስ የመጣ ሰው ሁሉ የራሱ መስመር እስኪገባለት ድረስ የሚሰጠው የእኛን ቁጥር ነው። ጠበቃው የሚደውለው እኛ ጋ፣ ሥራ ያመለከተበት ቦታ የሚደውለው እኛ ጋ፣ ካርቱም የቀረች እጮኛው በሌሊትና በቀን ልዩነት ተምታቶባት የምትደውለው እኛ ጋ። ስልኩ ባንኮኒው ጥግ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ነው፤ ሽቦው አጭር። ስለዚህ እኔ ቀኑን ሙሉ ወደ ግድግዳው ዞሬ፣ ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ፣ በአንድ እጄ ሽሮ እየመዘንኩ በሌላው መልእክት እየጻፍኩ ነበር የምኖረው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ጉዴ ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው።

የሱቃችን ጎን ግድግዳ መኪና ማቆሚያውን ያያል። ሰፊ ነው፣ ረጅም ነው፣ አንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ አለችው። የሰፈሩ ጎረምሶች በስፕሬይ ስማቸውን ሲጽፉበት ያድራሉ። አሰፋ ያጥባል፣ እነሱ ይጽፋሉ። የሕንፃው ባለቤት ኒኮ የሚባል ግሪክ ሽማግሌ ነው፤ አንድ ቀን መጥቶ እያየ እያየ ፊቱ ቀላ። «የኪራይ ሊዛችሁ መኸር ላይ ያልቃል። ይህ ግድግዳ እስከዚያ ካላማረ አላድስላችሁም» አለ። አሰፋን አየሁት፤ አሰፋ ጫማውን አየ።

መላ ያመጣችልን ሚስ ፐርል ናት፤ ከእኛ ጎን ፀጉር ቤት ያላት የጃማይካ ሴት። «ዳርሊን» አለችኝ፣ «ኤግሊንተን ዌስት ጎዳና ሄደሽ እይ። ሥዕል ያለበትን ግድግዳ ልጆቹ አይነኩትም። ነውር ነው እነሱ ዘንድ።» 

ሠዓሊውን ያገኘው አሰፋ ነው። ክሬሰንት ታውን ተከራይ በለቀቀ ቁጥር የሕንፃው ኃላፊ፣ ሱፐር የሚሉት፣ እየጠራ አፓርታማ የሚያስቀባቸው አንድ ሽማግሌ አሉ፤ አገር ቤት ሠዓሊ ነበሩ ተባለ። «እዚህ ምን ይስላሉ?» አልኩት። «እዚህማ ነጭ ነው የሚቀቡት» አለኝ።

መጡ። አጭር፣ ቀጭን፣ በዚያ ሙቀት ካፖርታቸውን ያላወለቁ፣ ከጥፍራቸው ሥር ነጭ ቀለም የማይጠፋ ሰው። ሰላም አሉንና አንድ ቃል ሳይጨምሩ ወደ ግድግዳው ሄደው መዳፋቸውን ለጠፉበት። ልጇ አተኩሶት እንደሆን ግንባሩን እንደምትነካ እናት። ከዚያ ከጓሮ የተጣለ የወተት ሳጥን አምጥተው ገለበጡና መስኮቷ ትይዩ ተቀመጡበት። ግድግዳውን ማየት ያዙ።

በማግስቱም መጥተው አዩት። ሳምንቱን ሙሉ አዩት። በመስኮቷ ሻይ አቀብላቸዋለሁ፤ ስኳሩን ሳይቆጥቡ ያማስላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ያያሉ። ስልክ ይዤ እንደሆንኩ ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የሚጀምሩት?»

«ጀምሬያለሁ።»

«ምኑን?»

«ግድግዳ አይቸኩልም፣ ልጄ።»

«ግድግዳውማ አይቸኩልም፤ ኒኮ ነው የሚቸኩለው!»

ምን ይሳል የሚለውማ ሌላ መከራ ነበር። ሀበሻ ሁለት ሆኖ ሦስት ሐሳብ አለው። ጥሩነሽ ጻድቅ ይሳል አለች። አሰፋ ሯጭ ይሳል አለ። አንዱ አንበሳ፣ አንዱ ፏፏቴ። ኒኮ በበኩሉ የትውልድ ደሴቱን ነጫጭ ቤቶችና ሰማያዊ ባሕር ፈለገ። እኔ ደግሞ እንደ ነጋዴ አሰብኩና የበርበሬ ጆንያ፣ የሽሮ ዕቃ፣ ከላይ በትልቁ የሱቃችን ስም ይሁን አልኩ። ሁሉንም ሰሙን። ሁሉንም በአንድ ጥያቄ መለሱ።

«ይህ ከዚህ ይታያል?»

«ምኑ ጋሼ?»

«ባሕሩ። ጻድቁ። አንበሳው። ከዚህ ግድግዳ ሥር የቆመ ሰው ያየዋል ወይ?»

ኒኮ ሲተረጎምለት «የኦንታሪዮ ሐይቅ እኮ አለ» ብሎ እጁን ወደ ደቡብ ወረወረ። ጋሽ ይርዳው እጁ ወዳመለከተው ዞረው በትሕትና አዩ። ከፀጉር ቤቱና ከመኪና ጎማ ሱቁ ሌላ ምንም የለም። «አይታይም» አሉ፤ ነገሩ አለቀ።

ያላዩትን አይስሉም። ሃይማኖታቸው ይህ ነበር። ምክንያቱን የነገሩኝ አንድ ከሰዓት በመስኮቷ በኩል ነው፤ እኔ ስልክ ይዤ ስለነበር በአንድ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ልጅ ሆነው ጎጃም ውስጥ ቄስ ሠዓሊ የሆኑት አጎታቸው ዘንድ ቀለም ሲበጠብጡ አደጉ። አጎትየው ደንቡን አስተማሯቸው፤ ደጉ ሰው ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይን ይኖረዋል። ሰይጣን፣ ይሁዳና ክፉ ሁሉ ግን በጎኑ ይሳላል፣ አንድ ዓይን ብቻ። «ክፉን ሁለት ዓይን ከሰጠኸው ከግድግዳው ላይ መልሶ ያይሃል» ይሉ ነበር አሉ አጎታቸው። ይህን ሀበሻ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያየው ነው።

ኋላ አዲስ አበባ ገብተው የመንግሥት ማስታወቂያ ሠዓሊ ሆኑ። አብዮቱ መጣ። በየበዓሉ ፎቅ የሚያህል ሸራ ላይ እነዚያን ፂማም ፈረንጆች እንዲስሉ ያዟቸው ጀመር። «ፂሙ ላይ እጄ ይሮጥ ነበር» አሉኝ፤ «ዓይኑ ላይ ስደርስ እቆማለሁ። ይህ ሰውዬ ሲያይ ምን ይመስላል? የሚያውቅ የለም። ከፎቶግራፍ እቀዳለሁ። ደግ ይሁን ክፉ ሳላውቅ ሁለት ዓይን እሰጠዋለሁ።» አንድ ጧት መሰላል ላይ ሆነው ሲስሉ ጥቁር የለበሰች ሴት ከታች ቆማ አንጋጠጠች። «ወንድሜ፣ ልጄን የወሰደው ይህ ነው?» አለቻቸው።

«ምን አሏት?» አልኩ፣ ስልኩን በእጄ አፍኜ።

«ምን እላታለሁ? የሳልኩትን ሰው አላውቀውም።» ሻያቸውን ጨለጡ። «ከዚያ ወዲህ ያላየሁትን አልስልም።»

በስልኩ ውስጥ ያለው ሰውዬ «ሃሎ? ሃሎ?» ይለኛል። ወደሱ ተመለስኩ።

በመጨረሻ ብሩሽ ሲያነሱ የሳሉት ያንኑ ያዩትን ነበር፤ በዚያ ግድግዳ ሥር የሚያልፈውን ሰው። እየጠሩ ፊት ለፊታቸው ያቆሙታል። ሚስ ፐርል የፀጉር መጠቅለያዋን እንደተሸከመች፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ እንደ ንግሥት ቆመችላቸው። ጠርሙስ የምትለቅመዋ ቻይናዊት አሮጊት ከነጋሪዋ ቆመች። ጥሩነሽ ነጠላ አጣፍታ፣ ኩል ተኩላ መጣች። ኒኮ እንኳ «ባሕር ከሌለ እኔ ልኑር» ብሎ ከረባት አስሮ መጣ። ሁሉም ፊት ለፊት፣ ሁሉም እነዚያ ትልልቅ የጎጃም ዓይኖች ይዘው፣ የክረምት ጃኬትና የቤዝቦል ኮፍያ ያጠለቁ ጻድቃን መስለው ግድግዳው ላይ ተሰለፉ። ሰው መኪናውን አቁሞ ማየት ጀመረ። ጎረምሶቹም መጡ፤ ስፕሬያቸውን ኪሳቸው ከትተው ቆመው አዩ። አንዱ «ሪስፔክት» አላቸው። ጋሽ ይርዳው ምን ማለቱ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ክብር መስጠቱ ነው ስላቸው «ታዲያ ለምን በር በሩን ያበላሻል?» አሉ።

ሙላቱ የሚባል አንድ ልጅ ነበር። የስደተኝነት ማመልከቻው ገና አልታየም፤ መሳል ፈለገ፣ ፈራም። «ጋሼ፣ ጉዳዬ ሳያልቅ ፊቴ አደባባይ ላይ? በእግዚአብሔር!» አላቸው። «ታዲያ ዙርልኝ» አሉት። በጀርባው ሳሉት፤ የጃኬቱን ኮፈን ደፍቶ፣ የእኛን ሱቅ ፌስታል አንጠልጥሎ ሲሄድ።

ቀጥሎ እኔን ሳሉኝ።

ቅዳሜ ነበር። ከውጭ ሳቅ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ የታፈነ ሳቅ። ስልኩን አስቀምጬ ወጣሁ። የሱቁ ደንበኛ ሁሉ መኪና ማቆሚያው ላይ ተኮልኩሎ መስኮቷን ያያል። ከመስኮቷ ጎን ሌላ መስኮት ሥለዋል፤ በውስጡ እኔ አለሁ። መጎናጸፊያዬ፣ ጉትቻዬ፣ አፍንጫዬ፣ ሁሉም የራሴ። ስልክ ጆሮዬ ላይ። አንድ እጄ ከመስኮቱ ወጥቶ የሻይ ብርጭቆ ይዟል። ፊቴ ግን በጎኑ ነው። አንድ ዓይን። በዚያ ሁሉ ባለ ሁለት ዓይን መሃል አንዲት ባለ አንድ ዓይን፤ እሷም እኔ።

ሚስ ፐርል ምኑም አልገባት፤ «ቢዩቲፉል፣ ዳርሊን!» ብላ አቀፈችኝ። ሀበሻው ሁሉ ግን መሬት መሬት ያያል።

በሳምንቱ ጥሩነሽ ባንኮኒው ላይ ደገፍ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ተዋቡ፣ አትቆጪ። ሰው ምን እንደሚል ልንገርሽ?»

«ምን ይላል?»

«ሠዓሊው ሰመሩን፣ ያን የሙቀት ወራት ሙሉ፣ ደጃፏ ተቀምጦ አያት፤ አንድ ያወቀባት ነገር አለ ይላል።»

«ምን ያውቅብኛል?»

«በርበሬው ውስጥ ጡብ ፈጭታ ትጨምራለች ይላሉ።» ወደ በሩ አየት አደረገችና፣ «ብርጭቆውን ደግሞ ያላዩት ሰዎች፣ እጇን የዘረጋችው እንደ ይሁዳ ሠላሳ ብር ልትቀበል ነው ይላሉ» አለችኝ።

ጡብ! እኔ! ዛላውን ራሴ ቀንጥሼ፣ እያስነጠስኩ፣ ዓይኔ ደም ለብሶ የማዘጋጀውን በርበሬ! ግን ሰው ማሽተት ጀመረ። ከረጢቱን ይከፍታል፣ አፍንጫውን ይከታል፣ በጣቱ ያሻል፣ «ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ይላል። ጎን ለጎን ኒኮ በግድግዳው ደስታ ብዛት ሊዙን አድሶ፣ ከራሱ ምስል ሥር ፎቶ ተነሣ። አስቡት፤ ግድግዳው ሱቁን አተረፈልኝ፣ ያው ግድግዳ ደግሞ ደንበኛዬን ያባርራል።

ወጣሁ። ሳጥናቸው ላይ ተቀምጠው ብሩሽ ያጥባሉ።

«ጋሼ፣ ምን በደልኩዎት?»

«ምንም።»

«ሻይ አልሰጠሁዎትም?»

«ሰጥተሽኛል። ይኸው ስዬዋለሁ» አሉ፣ ብርጭቆውን በብሩሹ እያሳዩኝ።

«ሌላው ዓይኔስ የታለ?»

«አላየሁትም።»

«እንዴት አላዩትም! ሰመሩን ሙሉ እዚህ ነኝ!»

«እዚህ ነሽ። እኔም እዚህ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ ዞረሽ አይተሽኝ አታውቂም። ያላየሁትን ከየት አምጥቼ ልሳለው?»

«ሰው እኮ ነኝ ጋሼ! ሁለት ዓይን እንዳለኝ ያጡታል?»

«መኖሩንማ አውቃለሁ። አላየሁትም ነው የምልሽ።»

«ሰዉ የሚያነበው በአጎትዎ ደንብ ነው! ጡብ ትፈጫለች እያሉኝ ነው!»

ያን ጊዜ ደነገጡ። ብሩሹን አስቀመጡ። ግንባራቸውን ቋጥረው ትንሽ አሰቡና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«ትፈጫለሽ እንዴ?»

ልጮህ ነበር። ከዚያ ግን «ነይ ቁሚ» አሉኝ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «አሁን አዞርሻለሁ። ፊት ለፊቴ ቁሚና እይኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።» መጎናጸፊያዬን አስተካከልኩ። ቆምኩ። ገና ቀና ከማለቴ ስልኩ ጮኸ። «አንድ ደቂቃ ጋሼ» ብዬ ሮጥኩ። የአንዲት ልጅ ጠበቃ ነበር፤ ልጅቷ እስክትጠራ፣ እስክትመጣ፣ ስመለስ ጥላው ግድግዳውን ውጦታል። «ብርሃኑ ሄደ» አሉኝ።

በማግስቱ ዕቃ የጫነው መኪና መጣ። ከዚያ ወዲያ እኔ ነፃ የምሆነው እሁድ ብቻ ነው፤ እሳቸው እሁድ ብሩሽ አይነኩም። «ሰኞስ?» እላለሁ፤ «ሚካኤል ነው» ይላሉ። «ኀሙስስ?» «ማርያም ናት።» እሳቸው የሚያከብሩት በዓል ቢደመር ከወሩ የሚተርፍ ቀን የለም፤ የተረፈው ቀን ደግሞ ሱፐሩ ለነጭ ቀለም ይጠራቸዋል። እንዲህ ስንባባል ብርዱ ገባ። «ቀለም በብርድ ግድግዳ አይይዝም። በረዶው ሲቀልጥ» አሉኝ።

ያ ክረምት ረዘመ። ይባስ ብለው ስሜን ሊያድሱልኝ ሱቅ እየገቡ ለሰው ማስረዳት ጀመሩ። በርበሬ የሚያሸት ሰው ሲያዩ ጠጋ ይሉና፣ «ይህች ሴት ክፉ አይደለችም። ሥራ በዝቶባት ነው» ይሉታል። ሰውየው ጭራሽ በርበሬውን ያልጠረጠረ ከሆነ ያን ጊዜ ይጠረጥራል። «ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ አይከላከሉልኝ» አልኳቸው።

ወሬውን ያበረደልኝ ያው ስልክ ነው። አንድ ቀን የሙላቱ ጠበቃ ደወለ፤ ቀጠሮው ተለውጦ ለማግስቱ ጧት ሆኗል፣ ካልቀረበ ጉዳዩ ይዘጋል። አሰፋ የለም። ሱቁን ዘግቼ በዚያ በረዶ እየወደቅሁ እየተነሣሁ ክሬሰንት ታውን ሄድኩ፤ ፎቁን እንጂ የበሩን ቁጥር አላውቅም፣ ኮሪደሩን ሙሉ በር እያንኳኳሁ አገኘሁት። የመኖሪያ ወረቀቱን አገኘ። ያደረግሁለትን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ለሰው ሁሉ ተናገረ። ሰው ተመለሰ። ማሽተቱ ግን ከልማድ አልወጣም፤ ስሜም «ባለ አንድ ዓይኗ» እንደሆነ ቀረ። «ከባለ አንድ ዓይኗ ሱቅ ምስር ግዛ» ሲባል በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። አዲስ የመጣ ሰውማ ማን ይነግረዋል? መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳውን ነው፤ ቀጥሎ እኔን፤ ቀጥሎ በርበሬውን ወደ አፍንጫው።

በረዶው ሲቀልጥ መጀመሪያ እየሮጠ የመጣው ሙላቱ ነው። «ጋሼ! አሁን ያዙሩኝ!» አለ። አዞሩት። ከሰዓቱን ሙሉ ቆመላቸው፤ ጀርባው ፊት ሆነ፣ ኮፈኑ ወረደ፣ ጥርሱ እንኳ ታየ። እኔ በመስኮቷ አያለሁ፤ ስልክ ጆሮዬ ላይ። ጋሽ ይርዳው ከሙላቱ ሲጨርሱ ብሩሹን ወደኔ ቀሰሩ። «ቀጣይዋ አንቺ ነሽ።» በእጄ «ቆይ» የሚል ምልክት ሰጠኋቸው።

ዓመታት በዚህ አለፉ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በረዶው በቀለጠ ቁጥር አንዲት ትንሽ የቀለም ቆርቆሮና አንዲት ቀጭን ብሩሽ ይዘው ይመጣሉ። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ያደርጋሉ፣ ሳጥናቸው ላይ ይቀመጣሉ። «ዛሬ?» ይላሉ። «ዛሬ የዕቃ ቀን ነው።» «ዛሬ?» «ዛሬ አሰፋ ታሟል።» እኔ የምችልበት ቀን ገብርኤል ይሆናል። «ጋሼ፣ አንድ ዓይን ነው እኮ! ገምተው ይጨምሩበትና ይገላግሉኝ!» ስላቸው የሰደብኳቸው ያህል ይከፋቸዋል። ሻያቸውን ሰጥቻቸው እገባለሁ። በመስኮቷ፣ በአንድ እጄ።

ዘንድሮ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ሊገባ ነው፣ ኮምፒውተር ሁሉ ያብዳል እየተባለ አሰፋ የታሸገ ውኃ ሲያከማች፣ ሳንባቸው አስቸገራቸውና ሆስፒታል ገቡ። ጥሩነሽ ነገረችኝ። ቅዳሜ ነበር፣ ሱቁ ሙሉ። በሩ ላይ ያለውን ምልክት ገልብጬ «ዝግ» አደረግሁትና ወጣሁ። አሰፋ «ተዋቡ፣ ቅዳሜ እኮ ነው!» ይላል ከኋላዬ።

አልጋው ላይ ያለ ካፖርታቸው ሳያቸው ማን እንደሆኑ ጠፋኝ። ጥፍራቸው ነጣ ብሏል፤ ቀለሙ ግን ከሥሩ አለ። አጠገባቸው ልቀመጥ ስል በጣታቸው ከለከሉኝ።

«እዚያ። ግርጌ ቁሚ። ወደ ብርሃኑ።»

ቆምኩ። አዩኝ። ያን ግድግዳ እንዳዩት አዩኝ። ስልክ የለ፣ ደንበኛ የለ፣ የማደርገው ቢጠፋኝ እኔም አየኋቸው። በየት በኩል እንደምሸሽ ግራ ገባኝ፤ አፈርኩ፤ ቀጥሎ ደግሞ ተውኩት።

«ሁለት ናቸው ለካ» አሉ።

«ይሳቁብኝ ጋሼ።»

«ግራው ትንሽ ያንሳል።»

«ምን?»

«የግራ ዓይንሽ። ከቀኙ ትንሽ ያንሳል። ማንም አልነገረሽም?» ፈገግ አሉ። «ገምቼ ሥዬው ቢሆን እኩል አድርጌ እዋሽ ነበር።» ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ተኙ ብዬ መውጣት ስጀምር፣ «በረዶው ሲቀልጥ» አሉኝ።

በረዶው ሳይቀልጥ ጥሩነሽ ደወለችልኝ።

ከቀብሩ በኋላ ሁሉም ዓይኔን ሊያሟላልኝ ተነሣ። ሙላቱ አዋጡ ብሎ ሰው አሰባሰበ። ኒኮ አንድ ጥሩ ሠዓሊ አውቃለሁ ብሎ ይዞ መጣ፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ እጁም ጥሩ ነው። መሰላሉን አቆመና ወደ ሱቅ ገባ። «ማዳም፣ ፎቶግራፍ አለሽ? ከእሱ ልቅዳው» አለኝ። የፓስፖርቴን ፎቶ ከመሳቢያ አውጥቼ ላቀብለው እጄን ዘረጋሁ። ዘርግቼ ቀረሁ።

«ተወው» አልኩት።

«ተዋቡ፣ አብደሻል?» አለች ጥሩነሽ። «በነፃ ነው እኮ! ሰው እስከ መቼ ባለ አንድ ዓይኗ ይበልሽ?»

«አይቶታል? ይህ ልጅ አይቶታል?» አልኳት። በገዛ አፌ የእሳቸውን ቃል ስሰማ ለራሴ ተናደድኩ።

ወጥቼ ያቺን የወተት ሳጥን ከጓሮ ፈለግሁ። አቧራዋን አራግፌ መስኮቷ ትይዩ ገለበጥኳትና ተቀመጥኩባት፤ በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ተቀምጬባት አላውቅም። በመስኮቷ ውስጥ ባለቤቴ አሰፋ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ምስር ይመዝናል። አንድ ጆሮ፣ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዓይን።

«አሰፋ!» አልኩት።

«ቢዚ ነኝ!» አለኝ፣ ሳይዞር።

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ የመጣች ልጅ ግድግዳውን ስታይ ቆይታ ገባች። የበርበሬውን ከረጢት አነሣች፣ ከፈት አድርጋ አሸተተች፣ በጎን አየችኝ። ስልኩ ይጮኻል። እንደጮኸ ተውኩትና ከባንኮኒው ወጥቼ ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«እይኝ» አልኳት። ልጅቷ ደነገጠች፤ ግን አየችኝ።

«ሁለት ናቸው። ግራው ትንሽ ያንሳል።»